አንድ እጅ ያጨበጨበ ቀን

ተኛ ተብሏል፣ እንቅልፉ ግን አልመጣም። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነው፤ መጋረጃው ተዘግቷል፣ ፀሐይ ግን ማን ይከለክለኛል ብላ በመሃል ባለችው ስንጥቅ ገብታ ልክ ዓይኑ ላይ ቁጭ ብላለች። ወደ ግድግዳው ሲዞር የጎረቤቱ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይንጓጓል፣ ወደ መስኮቱ ሲዞር ፀሐይዋ አለች፣ በጀርባው ሲንጋለል ደግሞ ደረቱ ላይ ሰባት ወረቀቶች ተደርድረዋል። አለቃው ቁጣ የማታውቅ ሴት ናት፤ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ፊቱን አየችና «ሂድ ተኛ፤ ዛሬ እዚህ ወንበር ላይ እንዳላይህ» አለችው፣ ኮቱንም ራሷ አቀበለችው፣ ወረቀቶቹን ግን አልቀማችውም። በወረቀቶቹ ላይ ያለው ነገር ይኸው ነው፦ የአንድ ማኅደር ቤት ሰርቨር በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ድንገት ድርቅ ይላል። አይጠፋም፣ አይጮህም፣ ስህተት አገኘሁ ብሎም አይናገርም፤ ፋይል ክፈት ሲሉት እሺ ይልና እዚያው ይቀራል። በውስጡ ከቆሙት ሥራዎች፣ ፕሮሰስ ከሚሏቸው፣ ስም ጎን አንዲት ፊደል ትታያለች፣ ትርጉሟም «ተኝቷል፣ የሚጠብቀው ነገር እስኪመጣ ማንም አይቀሰቅሰው» ነው። ቢጠሩት አይሰማም፣ ይገደል ተብሎ ቢታዘዝም አይሞትም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንዲህ ስለሚተኛ ነገር ሲያነብ የከረመ ሰው ለራሱ አንዲት ሰዓት እንቅልፍ ማጣቱ ያስቀዋል፤ ቢስቅም ግን አይተኛም።

ስልኩ ትራሱ አጠገብ ነው። እሱም ዝም ብሏል። ለአሥራ ሁለት ዓመት በየእሁዱ ጠዋት ይህ ስልክ አንዴ ይጠራና ይቋረጣል፤ ሚስኮል ነው፣ የእታለም ሚስኮል። እታለም ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ታማ አልጋ ከያዘች ጀምሮ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ዛሬም ድረስ ትሰፋለች፣ ማለት ዓይኗ እስከፈቀደላት ድረስ። እሱ ውጭ አገር ሲሄድ ሕግ አወጡ፦ አንዴ ከጠራ ደህና ነኝ ማለት ነው፣ ሁለቴ ከጠራ ደውልልኝ ማለት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቴ የጠራው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እናታቸው ያረፈች ቀን። አንዴውን ሲሰማ ትራሱ ውስጥ ፈገግ ይልና መልሶ ይተኛል፣ እሷ እዚያ ቆማለች፣ ዓለምም በቦታዋ አለች። እንግዲህ ያለፈው እሁድ አልጠራም። የዛሬው እሁድ ሲመጣም… ዛሬ እሁድ አይደለም፣ ማክሰኞ ነው፣ ቀኖቹ ተደባልቀውበታል፤ ያለፈውም ከዚያ በፊት የነበረውም እሁድ ነው ያልጠራው። ሁለት እሁድ። ተቀይማለች ማለት ነው። እታለም ስትቀየም አትጮህም፣ ዝም ትላለች፣ በዝምታዋም ሰው ትጨርሳለች። ግን በምን? ዓይኗ ላይ ሞራ ወጥቶ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተብሏል፣ ቀኑን እንነግርሻለን ብለዋታል፣ ቀኑ ሲቆረጥ ደግሞ ትነግረኛለች፤ ትነግረኛለች እያለ ነው የሚጠብቀው። አንተስ ለምን አትደውልም? እዚህ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ጎኑን ይቀይራል። ቢደውል ገና «ሄሎ» ሲል ትይዘዋለች፣ መብላቱንም አለመብላቱንም ከሄሎው ታውቃለች፤ እሷ ዓይኗ እየጠፋ ስለ እሱ እንቅልፍ ልትጨነቅ ነው። የዚህችን ጣጣ መነሻ ላግኝና፣ አንድ ቀን ልተኛና፣ በደህና ድምፅ እደውላለሁ ይላል። እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ቀን አለፈ።

ልጅ ሳለ ቤታቸው አምፖሉ አንድ ነበር። ክፍሉ አንድ፣ አምፖሉም አንድ፣ እሱም ከመሃል ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ከሥሩ የእሱ ደብተር፣ ከደብተሩ ወዲያ የስፌት መኪናዋ። መኪናዋን ወደ ግድግዳው ያዞረችው እሷ ናት፤ እንዲህ ሲሆን ድምፁ ይቀንሳል አለችው፣ እሱም አመናት። ብርሃኑ ደብተሩ ላይ ይወድቃል፣ እሷ ግን ጀርባዋን ለአምፖሉ ሰጥታ በገዛ ጥላዋ ውስጥ ትሰፋለች፣ አሁንም ትሰፋለች፣ ጎንበስ ብላ፣ መርፌው ሥር ልትገባ ምንም አይቀራት፣ እሱ የሒሳብ ቀመር ጮክ ብሎ ይሸመድዳል፣ እሷም ሳይገባት «ጎበዝ!» ትለዋለች። ጥላውን ያስተዋለው አገር ለቆ ከወጣ ከዓመታት በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ የጠረጴዛ መብራት ሲያስተካክል። መብራቱን ወደ ራሱ አዞረ፣ መለሰው፣ እንደገና አዞረው፣ ከዚያም መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፊቱን ታጠበ። ዓይኗን የበላው ያ ጥላ ነው ብሎ ያምናል፤ ሐኪሙ ሞራ ከዕድሜ የሚመጣ ነው ቢልም እሱ ያውቃል። ዛሬ የሚበላውን እንጀራ፣ ይህን አልጋ፣ ይህችን እንቅልፍ የነሳችውን ሥራ ጭምር ያገኘው እዚያ ደብተር ላይ ከወደቀው ብርሃን ነው፤ ይህን ለእሷ በቃል ነግሯት ግን አያውቅም። ሊነግራት ሲጀምር ሁልጊዜ ወሬው ወደ ሌላ ይሄዳል፣ በልተሃል ወይ፣ ብርዱ እንዴት ነው።

ወረቀት ላይ አትሞ ማንበብን ያስተማረው ቢሮ ውስጥ ያለ አንድ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ፋይል የሚያስቀምጠውን ይህን የሲስተም ክፍል ከሃያ ዓመት በፊት ከጻፉት ሰዎች አንዱ ነው፣ አሁን ጡረታ ሊወጣ ወራት ቀርተውታል፣ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስና መቅረጫ አይለይም። «ስክሪን ያጣድፍሃል፤ ወረቀት ግን ይታገስሃል» ይላል። «ሁለት ዓምድ አስምር። በአንዱ ማን እንደሚጠብቅ ጻፍ፣ በሌላው ማን እንደያዘ ጻፍ። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።» ቁልፍ የሚሉት ነገር ከባድ አይደለም፦ ሁለት ፕሮሰስ አንድ ፎልደር ውስጥ በአንዴ ገብተው እንዳያተረማምሱት አንዱ ቁልፉን ይይዛል፣ ሌሎቹ ደጅ ይቆማሉ፣ የያዘው ሲጨርስ ይለቃል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሰርቨሩ የሚደርቀው አንዱ ቁልፉን ይዞ ሳይለቅ ሲቀር ነው። ማን? የሚጠብቁት ዓምድ ሞልቷል፣ የሠላሳ አራት ፕሮሰስ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ደጅ የቆሙት ሁሉ ተመዝግበዋል። የያዘው ዓምድ ግን ባዶ ነው። አሥራ አንድ ቀን ባዶ ነው።

ባዶ የሆነው በእታለም ምክንያት ነው ቢባል ቀልድ ይመስላል፣ ግን እውነት ነው። እሷ ቤት አንድ ሕግ ነበር፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተደባድቦ ሲገባ፣ እሱ ነው የጀመረኝ ሲል፣ «አንድ እጅ አያጨበጭብም» ትልና ሁለቱንም ጎን ለጎን ታንበረክካቸዋለች፣ ያንን የሰው ልጅ ጭምር። ይህ ነገር አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። ጠብ ካለ ሁለት ሰው አለ፤ የሚጠብቅ ካለ ሌላ የሚያስጠብቅ አለ። ስለዚህ ከሚጠብቁት ውጭ ያለውን ያንን ሁለተኛውን እጅ ሲፈልግ ከረመ። መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደውን ፕሮግራም ጠረጠረ፣ ነፃ ሆኖ ተገኘ። ዲስኩን የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ጠረጠረ፣ የዲስኩን ፋብሪካ ሰዎች በደብዳቤ አስጨነቃቸው፣ እነሱም በትሕትና አይደለም አሉት። በራሱ ማሽን ላይ ችግሩን ሊደግመው ሞከረ፣ ማሽኑ ምንም ሳይደርቅ ቀንና ሌሊት እንደ ፈረስ ጋለበ። ሽማግሌው ብቻ በየቀኑ በአጠገቡ ሲያልፍ «እስከ ታች አንብበሃል?» ይለዋል። «አንብቤአለሁ» ይላል እሱ፣ አንብቧልም፣ ግን የሚጠብቁትን ወረቀት ሲያነብ ከላይ «ይጠብቃል» የምትለዋን ካየ ወደሚጠብቁት ዓምድ ይጥለዋል፣ ከዚያ በታች ያለውን ዓይኑ እንጂ ልቡ አያየውም።

አሁን ተኝቶ ስለሆነ ይሁን ተስፋ ስለቆረጠ፣ ሰባተኛው ወረቀት ከደረቱ ተንሸራቶ ተገልብጦ ወደቀና ሲያነሳው የግርጌው መስመር ላይ ዓይኑ አረፈ። 4127 ቁጥር ፕሮሰስ። የሠራው ዝርዝር ከሁሉም ረጅሙ ነው፣ ስልሳ መስመር። ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነውና ከታች ጀመረ፦ 4127 የፎልደሩን ቁልፍ ያዘ። ጥሩ። ከዚያ ለሥራው ትንሽ ሜሞሪ ጠየቀ። ጥሩ። ሜሞሪ የሚያድለው ክፍል ሞልቶበታል፣ ቆይ ከአሮጌው ላስወጣልህ አለ። ይሁን። አሮጌውን ለማስወጣት ዲስክ ላይ መጻፍ አለበት፣ ለመጻፍ ደግሞ ወደ ፋይል ክፍሉ ሄደ። አልጋው ላይ ተነስቶ ተቀመጠ፣ መጋረጃውን ከፈተ፣ ፀሐይዋ ትግባ፣ አሁን ትፈለጋለች። ፋይል ክፍሉም ቁልፉን ላምጣ አለ፣ ያንኑ ፎልደር፣ ያንኑ ቁልፍ፣ ቁልፉም የለም፣ ተይዟል፣ ስለዚህ ይጠብቃል፣ የያዘው እስኪለቅ ይጠብቃል፤ የያዘው ደግሞ 4127 ነው። ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከትቶ የዕቃ ቤት ኃላፊውን ክፈትልኝ እያለ በሩን የሚደበድብ ሰው ማለት ነው። ሁለተኛ እጅ የለም። እርሳሱን አነሳና በሁለቱም ዓምድ አንድ ቁጥር ጻፈ። የእሱ ማሽን ያልደረቀውም ለዚህ ነው፣ ሜሞሪው ሰፊ ስለሆነ ከአሮጌው ላስወጣ የሚል የለም፤ የማኅደር ቤቱ ግን እስከ አፉ ሞልቷል።

ላፕቶፑን አልጋው ላይ አምጥቶ ኮዱን ገለጠ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሜሞሪ የሚጠይቅ ሁሉ «ስታስለቅቅ ወደ እኛ ተመልሰህ እንዳትመጣ» የሚል ምልክት ማድረግ አለበት፣ ይህን ጀማሪም ያውቃል። ምልክቱ የለም። ድሮ ነበር፤ ከበላዩም ሽማግሌው የጻፈው ማስታወሻ ነበረበት፦ «ይህችን መስመር አትንኳት። ሦስት ሳምንት ወስዳብኛለች።» የዛሬ ሁለት ወር አንድ ሰው ኮድ ሲያጸዳ ማስታወሻውንም መስመሩንም ትርፍ ነገር መስሎት አጥፍቷቸዋል። የዚያን ሰው ስም አነበበ። ደግሞ አነበበ። የራሱ ስም ነው። የዲስኩን ፋብሪካ ሰዎች አስታወሰና ፊቱን በትራስ ሸፍኖ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኮ ይህ ነው። ለሽማግሌው መልእክት ጻፈለት፦ «አገኘሁት። መስመርህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ።» መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ከአሥር ቀን በፊት ጠርጥሬ ነበር። ብነግርህ አትማርም፣ ደግሞም እርግጠኛ አልነበርኩም። ያኔ መጀመሪያ ስጽፍ እኔም ያቺን መስመር ረስቻት ነበር። እንኳን ደህና መጣህ፣ አሁን ተኛ።» ይህን ሰው አንድ ቀን እጁን ይስመዋል። በሰው አገር ጥፋትህን አይቶ ሳያዋርድህ የሚጠብቅህ ሰው ማግኘት ዕድል ነው፣ እሱም ይህን ዕድል አግኝቷል።

ለእታለም ልንገራት፣ አለ በልቡ። ቁልፉ አይገባትም፣ ሜሞሪውም አይገባትም፣ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ይዞ በር የሚደበድበው ሰውዬ ግን ይገባታል፣ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ቅያሜዋም ይረሳል። ስልኩን አነሳ። እና አንድ ነገር ትዝ አለው። ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፣ የዛሬ አሥራ አንድ ቀን፣ የመስታወቱ በር ውስጥ ስብሰባው ተጀምሯል፣ ሰርቨሩ ደርቋል ተብሎ ሁሉም ተሯሩጧል፣ አለቃው በእጇ ና ትለዋለች፣ ራሱ ደውሎላት ስልኩ ውስጥ እታለም «ሐኪሙ ደግሞ ምን አለኝ መሰለህ» እያለች ነው፣ እሱም፣ ልቡ ስብሰባው ውስጥ ሆኖ፣ «እታለም አሁን አይሆንም፣ እኔ እስክደውል እንዳትደውይ» ይላል። «እሺ የኔ ጌታ። ሚስኮሉንም?» ትለዋለች። «ሚስኮሉንም ተይው» ይላል፣ ዘጋው፣ ገባ። ገባና ረሳው። አልተቀየመችም። ሁለት እሁድ ሙሉ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው። እሱ የእሷን ስልክ ይጠብቃል፣ እሷ የእሱን ስልክ ትጠብቃለች፣ ቁልፉ ያለው ደግሞ እሱው ኪስ ውስጥ ነው።

ደወለ። የመጀመሪያው ጥሪ እንኳ አላለቀም።

«ድንቡሼ!» አለች። ድሮ ወፍራም ነበር፣ ዛሬ እንጨት ሆኗል፣ ስሙ ግን አልከሳም።

«እታለም! የት ነሽ? የምን ጫጫታ ነው?»

«ደህና ነህ? በልተሃል?»

«በልቻለሁ። የት ነሽ?»

«ሆስፒታል ነኛ፣ ዓይን ክፍል። ቀኑ ዛሬ ነው እኮ።»

«ዛሬ? መቼ ነገሩሽ?»

«ባለፈው ሐሙስ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ጥያቄው ግራ የገባት ይመስላል። «እስክደውል አትደውይ አላልከኝም?» አለች። በድምፅዋ ውስጥ ክስ ቢኖር ይሻለው ነበር፤ ምንም የለም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ተራሽ ስንት ሰዓት ነው?»

«ተራዬማ ጠዋት ነበር። ሲያስገቡ ስልክ ይቀበላሉ፣ ዓይንም ይሸፈናል። እኔ ውስጥ ሆኜ ብትደውልስ? ደውሎ ሲያጣኝ ይደነግጣል ብዬ ሰው አሳለፍኩ። አምስት ሰው አሳለፍኩ፣ ሁሉም መርቀውኝ ገቡ።»

ወዲያው ስልኩ ተንኮሻኮሸና የሌላ ሴት ድምፅ መጣ። «እትዬ፣ አንዴ ይስጡኝ። ሄሎ፣ ድንቡሼ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ነርሷ ነኝ። ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ሆነውብን ዋሉ እኮ። ወንድሜ ሳይደውል አልገባም ብለው ይኸው ስምንት ሰዓት ሆነ። ሐኪሙ የመጨረሻውን ሰው ሊጨርስ ነው። ዛሬ ካለፋቸው ቀጠሮው ከአምስት ወር በኋላ ነው፣ ሞራው ደግሞ ጠንክሯል፣ መቆየት የለበትም። እባክዎ ይንገሩልን።»

«እታለም፣ ግቢ» አለ ስልኩ ሲመለስላት። «አሁኑኑ ግቢ።»

«ድምፅህን ሰማሁ አይደል፣ እገባለሁ። አልተኛህም ግን። ሥራው አስቸገረህ?»

«ራሴ ያበላሸሁት ነገር ነው። አሥራ አንድ ቀን ሌላ ሰው ስፈልግ…»

«በራስህ ላይ ብቻ አትፍረድ። አንድ እጅ አያጨበጭብም።»

«ያጨበጭባል እታለም፣ ዛሬ አየሁት። ስሚኝ፣ አትደውይ ያልኩሽን ተይው። ይቅር በይኝ። በፈለግሽ ሰዓት ደውይ።»

«ሥራ ላይ ብትሆንስ?»

«ብሆንም።»

«ስብሰባ ላይ?»

«ስብሰባም ላይ።»

«እሺ የኔ ጌታ» አለች፤ ነርሷ ስልኩን ስትቀበላትም ሰማ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ በምን ይግፋው? መስመሯን ወደ ቦታዋ መለሳት። የሽማግሌውንም ማስታወሻ መለሰ፣ ከሥሩም የራሱን ጨመረ፦ «እኔም ነካኋት። አሥራ አንድ ቀን።» የሙከራ ማሽኑን ሜሞሪ ቀንሶ ቀንሶ ጠባብ አደረገውና መጀመሪያ ያለ መስመሯ አስነሳው፤ በሁለት ደቂቃ ድርቅ አለ፣ አሥራ አንድ ቀን የሸሸው ነገር ፊቱ መጥቶ ተኛ። ከመስመሯ ጋር አስነሳው። ሄደ። ሃያ ጊዜ ዞረ፣ አርባ ጊዜ ዞረ፣ ደግ ነው፣ ቁጥሩን ያያል፣ ስልኩን ያያል፣ እሷ አሁን ጀርባዋ ላይ ተኝታለች፣ ከበላይዋ ትልቅ መብራት አለ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ብርሃኑ ሁሉ የእሷ ነው። ያቺን እጇን እግዜር ይባርካት፣ ያቺን ዓይኗንም እግዜር ይመልስላት። የጎረቤቱ ማሽን ቆሟል። የሙከራው ማሽን መቶ ጊዜ ዞረ። ለአለቃው «አልቋል» ብሎ ጻፈና ላፕቶፑን ዘጋ፣ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ደረቱ ላይ አስቀመጠው።

እሱ ጋ ሰባት፣ እሷ ጋ ዘጠኝ ሰዓት ሲል ስልኩ ጠራ። አንዴ። ጌታዬ ተመስገን አለ፣ ደህና ነች፣ እስኪቋረጥ ጠበቀ። አልተቋረጠም። ሁለተኛ ጠራ። ያ የእናታቸው ቀን በዓይኑ መጣ፣ ሦስተኛውን ሳይጠራ አነሳው።

«እታለም? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩ» አለች። «ጨርሼ ወጣሁ። አንዱ ዓይኔ ታሽጓል፣ ነገ ይፈታል፣ በጣም ቆንጆ ሆኗል ብሎኛል ሐኪሙ።»

«ታዲያ ለምን ሁለቴ ጠራሽ? ልቤን ሰቀልሽው እኮ!»

«በፈለግሽ ሰዓት ደውይ አላልከኝም? ፈለግኩና ደወልኩ።»

ትራሱ ላይ ተጋደመ፣ ስልኩን ጆሮው ሥር አደረገ። «እታለም፣ ያ አምፖል» አለ። «መኪናሽን ወደ ግድግዳ ያዞርሽው ለድምፁ አልነበረም። አሁን ነው የማመሰግንሽ። እስከ ዛሬ አላመሰገንኩሽም።»

«አሁን ይኼ ወሬ ነው?» አለች፣ ድምፅዋ ግን ቀጠነ። «ጥላው እጄ ላይ ነበር እንጂ ዓይኔ ላይ አልነበረም። ይልቅ ያሳለፍኳቸውን ሰዎች ልንገርህ፣ አንዷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው…» ነገረችው፣ ሴትየዋ ያለችውን፣ ሽማግሌ ባሏ የመለሰላትን፣ እሱም እህ እያለ ይሰማል፣ እህ፣ ከዚያ እህ ማለቱ እየራቀ ሄደ፣ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ከአልጋው ወደ ወለሉ ወረዱ፣ አልያዛቸውም። ወሬዋን መሃል ላይ አቆመች። ከዚያ ወደ ጎን ዞራ በሹክሹክታ ለነርሷ፣ «ቀስ በይ የኔ ልጅ፣ ወንድሜ እየተኛ ነው» ስትል ሰማ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማም።